ሐሳባቸው የማይገጥም ፓርቲዎች ለምርጫ ሲቀናጁ የጎጃም ገበሬ ምን ይላል?

የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው እሁድ ጽዋ ማኅበራችን ላይ የተነሳ ክርክር እስካሁን አልለቀቀኝም። ሁለት የሥጋ ዘመዳሞች ሊጣሉ ደርሰው ነበር።

ጥያቄው ይሄ ነው። አንዱ ፓርቲ መሬት የግል ይሁን ይላል፣ ሌላው አይሆንም ይላል። አንዱ በብሔር ተደራጅቷል፣ ሌላው በብሔር መደራጀትን አይቀበልም። እነዚህ ሁለቱ ገዢውን ፓርቲ ለማሸነፍ ብለው ለምርጫ ቢቀናጁ ትመርጧቸዋላችሁ?

አንደኛው ዘመድ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" አለ። ሌላው ቱግ ብሎ፣ "1997ን አየነው እኮ! አብረው ገቡ፣ ተበጣጥሰው ወጡ" አለው። እኔ መሃል ተቀምጬ ሁለቱም እውነት ያላቸው መሰለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳስበኝ አደረ።

የራሴን ልናገር። አባቴ ገበሬ ነው። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ "ቢሮክራት" ከተባሉት አንዱ ነበር። ጥፋቱ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ መሆኑ ነው። መሬቱ ወደ 4 ጥማድ ወረደ። የዘር ማሳው ለሌላ ሲለካ ቆሞ አየ። ያን ቀን እናቴ እሳት አላነደደችም። ታዲያ በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት የሚባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ሲመጣ አባቴ የቅንጅትን ምልክት፣ ሁለት ጣቱን፣ አውጥቶ ገበያ ለገበያ ይዞር ነበር። ቅንጅት የስንት ፓርቲ ስብስብ እንደሆነ አያውቅም። አራቱን ስማቸውን ጥራ ቢሉት አንዱን ብቻ ነበር የሚያውቀው፣ መኢአድን። በምን እንደሚስማሙና በምን እንደሚለያዩ ጠይቆ አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። "መሬቱን ምን ሊያደርጉት ነው?"

እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ስድብ ይቅርብን። ከልባችሁ ጻፉ።

ዳሞቴ (ፍኖተ ሰላም)

እኔ አልመርጥም። አጭር መልሴ ይሄ ነው።

1997ን በወሬ ነው የማውቀው፣ ልጅ ነበርኩ። 2013ን ግን በራሴ ካርድ ነው የማውቀው። ሰኔ 14 ቀን ተሰልፌ መረጥኩ። በመስከረም 2014 ካቢኔው ሲታወጅ የኢዜማው መሪ ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ሊቀመንበር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። በምርጫው ሰሞን ኢዜማና አብን የሚናገሩት ሌላ ነበር። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ገዢውን ፓርቲ ይሞግትልኛል ብዬ ነው። ከገዢው ጋር ወንበር ሲጋራ ማንም አላማከረኝም።

ከዚያ ወዲህ "ጥምረት" የሚል ቃል ስሰማ ልቤ ይዘጋል። ወንድሞቼ፣ ይሄ ንዴት አይደለም። ሐዘን ነው።

ግዮን (ባሕር ዳር)

ዳሞቴ፣ ሐዘንህ ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር እንለይ፣ አለዚያ ክርክሩ ይምታታል።

አንደኛው ከምርጫ በፊት የሚደረግ ስምምነት ነው። ሕጋችን ቅንጅት፣ ግንባር፣ ውህደት እያለ ደረጃ ያወጣለታል። ውህደት ማለት ፓርቲዎቹ ከስመው አንድ መሆናቸው ነው። ግንባርና ቅንጅት ግን ስምና ህልውናን ይዞ አብሮ መሥራት ነው። ይሄንን መራጩ ካርዱን ከማስገባቱ በፊት ያየዋል። ሁለተኛው ከምርጫ በኋላ የሚሆነው ነው። አንተ ያልከው የ2014ቱ ከዚህ ይመደባል። ያውም ጥምር መንግሥት እንኳ አልነበረም። ብልጽግና ከ436 መቀመጫ 410 ስለያዘ የማንም እጅ አያስፈልገውም ነበር። አብን 5፣ ኢዜማ 4 ነበራቸው። ሹመቱ ፈልጎ የሰጠው እንጂ ተገዶ የተካፈለው ሥልጣን አይደለም።

ፓርቲዎች ለምን ይቀናጃሉ ለሚለው ደግሞ መልሱ ያለው የምርጫ ሥርዓታችን ውስጥ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል። ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም። ሦስት ተቃዋሚ ሃያ ሃያ ተካፍለው ገዢው 40 ከመቶ ቢያገኝ አሸናፊው ገዢው ነው። 60 ከመቶው መራጭ ባይፈልገውም ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀናጁት ስለሚዋደዱ አይደለም፣ ሒሳቡ ስለሚያስገድዳቸው ነው።

የ1997ቱ ቁጥር ይታወሳል? ቅንጅት 109 መቀመጫ አገኘ፣ ኅብረት የተባለው ሌላው የተቃዋሚዎች ስብስብ 52፣ ገዢው ኢሕአዴግ 327። አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። አራቱ የቅንጅት ፓርቲዎች፣ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ሊግና ቀስተ ደመና፣ ለየብቻ ቢወዳደሩ ኖሮ ይሄ ይሆን ነበር? አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቅንጅት የተቃራኒዎች ስብስብ ነበር የምንለው ስህተት ይመስለኛል። አራቱም ስለ አንድነት፣ ስለ መሬት፣ ስለ አንቀጽ 39 (ስለ መገንጠል መብት) የሚሉት ተቀራራቢ ነበር። በሐሳብ የሚራራቁት የተሰባሰቡት ኅብረት ውስጥ ነው፣ በኋላም መድረክ በተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ውስጥ።

ጋሼ ብቸና (ብቸና)

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜ ስላለኝ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ግዮን ኅብረትን አነሳህ። ኅብረት በ1995 ሲመሠረት ከአባላቱ መካከል ኢሕአፓና መኢሶን ነበሩ። ይሄን ስሰማ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። በ1969 እነዚህ ሁለት ድርጅቶች ሲገዳደሉ የእኔ ትውልድ ነው ያለቀው። ታላቅ ወንድሜ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። አስከሬኑንም አላየንም። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ትተኛ ነበር።

እናንተ የተማራችሁ ንገሩኝ፣ በሐሳብ ምን ያህል ይራራቁ ነበር? ሁለቱም ማርክሲስት ነን ይሉ ነበር። ሁለቱም መሬት ላራሹ ያሉ የአንድ ተማሪ እንቅስቃሴ ልጆች ናቸው። የተለያዩት መንገድ ላይ ነው። መኢሶን ለደርግ "ሂሳዊ ድጋፍ" ሰጠ። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። መኢሶንም ቢሆን ከደርግ ጋር ኢማሌዲኅ በሚባለው የድርጅቶች ስብስብ ውስጥ ተቀምጦ ብዙም አልቆየ፣ በነሐሴ 1969 ሸሸ፣ ተበላ።

ኢሕአዴግንም አስቡ። አራት ድርጅት፣ አንድ ግንባር፣ አንድ ርዕዮተ ዓለም። አብዮታዊ ዴሞክራሲ ሲሉ አፋቸው እኩል ነበር የሚከፈተው። ግንባሩ በ2012 ፈረሰ፣ ሕወሓት ብልጽግና ውስጥ አልገባም አለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2013፣ ጦርነት ሆነ።

ስለዚህ "ተቃራኒዎች ከተቀናጁ ይፈርሳል" ስትሉ ልቤ አይቀበልም። በዕድሜዬ ያየሁት የፈረሰና ደም ያፈሰሰ ሁሉ አንድ ዓይነት ነን በሚሉ መካከል ነው።

የማርቆስ ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ወንድምዎን ነፍሳቸውን ይማር። ይህን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። ካነበብኩት ጀምሮ የእናትዎ በር ከዓይኔ አልጠፋም።

ዓባይ ማዶ (ለንደን፣ የደጀን ልጅ)

ሰላም ወገኖቼ። እኔ ከምኖርበት አገር አንድ ነገር ላካፍል፤ የዳሞቴን ጥያቄ የሚመልስ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሊበራል ዴሞክራት የሚባለው ፓርቲ 57 መቀመጫ አግኝቶ ከወግ አጥባቂው ፓርቲ ጋር መንግሥት መሠረተ። ከምርጫው በፊት እጩዎቹ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንዳይጨምር ድምፅ እንሰጣለን ብለው ፈርመው ነበር። ፊርማቸውን ይዘው ፎቶ ተነሥተዋል። መንግሥት ውስጥ ከገቡ በኋላ የክፍያው ጣሪያ እስከ 9 ሺህ ፓውንድ ወጣ። በ2015 ምርጫ 8 መቀመጫ ብቻ ቀራቸው። ከ57 ወደ 8።

እኔ ያኔ ሌሊት እየሠራሁ ቀን የምማር ነበርኩ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች የተናደዱት ከወግ አጥባቂ ጋር በመጋባታቸው አልነበረም። "ፈርመው ነበር" ነው የሚሉት። ሁሌም የምሰማው ይቺን ነበር። ሌላም ነገር ታዝቤአለሁ። ትልቁ ፓርቲ አልተቀጣም፣ እንዲያውም በዚያው ምርጫ ብቻውን አብላጫ አገኘ። ሂሳቡን የከፈለው ትንሹ ነው። ሕዝብ ከትልቁ ጋር ያየውን ትንሽ ፓርቲ "ያው ናቸው" ይለዋል፣ ቀለሙ ይጠፋል። አብንና ኢዜማ ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኝ ነበር።

ዳሞቴ

ጋሼ ዓባይ ማዶ፣ አዎ። እኔም ያለኝ ስሜት ይሄው ነው። ሚኒስትር መሆናቸው ሳይሆን ያልነገሩኝ መሆኑ። የአብን ሰዎች ነገር ደግሞ የባሰ ግራ አጋብቶኛል። ሊቀመንበሩ ካቢኔ ውስጥ ገቡ፣ እነ ደሳለኝ ጫኔና ክርስቲያን ታደለ ደግሞ ፓርላማ ላይ መንግሥትን ይሞግቱ ነበር። አንድ ፓርቲ ሁለት ቦታ ሲቆም መራጩ የት ይቁም?

ጮቄ ሥር (ምሥራቅ ጎጃም፣ የግብርና ልማት ሠራተኛ)

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን "ቅንጅት" የሚለውን ቃል ደጋግማችሁ ስትጽፉት ዝም ማለት አቃተኝ። እኛ አገር ይሄ ቃል ከፖለቲካ በፊት የበሬ ነው። መቀናጆ ታውቁት የለም? አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬያቸውን አጣምረው በተራ የሚያርሱበት ነው። ቅንጅትም መቀናጆም ሥራቸው አንድ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንድ በሬ ነው የነበረው። ከጎረቤታችን ጋር ዘጠኝ ክረምት ተቀናጅቷል። ይሄ ጎረቤት ማን መሰላችሁ? በወሰን ተካሰው ፍርድ ቤት የተመላለሱበት ሰው ነው! በዓል ሲሆን እንኳ ቤት ለቤት አይጠራሩም። ከገዛ ወንድሙ ጋር ግን፣ በጣም ከሚወደው ወንድሙ ጋር፣ አንድ ክረምት ብቻ ተቀናጅተው ተኮራርፈው ተለያዩ።

ልጅ ሆኜ ይሄ አይገባኝም ነበር። ግብርና ከተማርኩ በኋላ ነው የገባኝ። የጎረቤታችን ማሳ ወደ ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ድንችና ገብስ ነው የሚያመርት። የእኛ ወደ ታች ነው፣ ጤፍ። እሱ ዘርቶ ሲጨርስ እኛ ገና እናለሰልሳለን። ሐምሌ ላይ ጤፍ ስንዘራ የእሱ በሬ ነፃ ነው። የአጎቴ ማሳ ግን ከእኛ ጋር ኩታ ገጠም፣ እሱም ጤፍ። ዝናቡ የሚጥለው ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ መሬቱ የሚደርሰው በአንድ ቀን። የዛሬው ቀን የማን ነው? እዚያ ላይ ፍቅር አለቀ።

በሬውም እንደዚያው ነው። በቀኝ የለመደ አለ፣ በግራ የለመደ አለ። ሁለት የቀኝ በሬ ብታጣምር ቀንበሩ ገና ሲጫን ይገፋፋሉ።

እና ጋሼ ብቸና ያሉት ለእኔ ልክ ነው። የሚጣላው አንድ ማሳ የሚፈልግ ነው።

ግዮን

ጮቄ ሥር እህቴ፣ ይሄን ነገር ስንት ዓመት ሕግ ተምሬ እንደዚህ አላየሁትም።

አሁን ወደ ምርጫው ልመልሰው። ቅንጅት ውስጥ የነበሩት አራቱ ኩታ ገጠም ነበሩ። መራጫቸው አንድ ነው። አዲስ አበባ፣ የአማራ ከተሞች፣ የጎጃም ገበሬ። ሐሳባቸው ስለተቀራረበ አንዱን ወንበር አራቱም ይፈልጉት ነበር። ከምርጫው በኋላ ፓርላማ እንግባ አንግባ፣ እንዋሃድ አንዋሃድ ሲባል ተቆራረጡ። መሪዎቹ በጥቅምት 1998 ታሠሩ፣ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ተፈቱ። በኋላም የቅንጅት ስም በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ለሌላ ቡድን፣ ለነ አየለ ጫሚሶ፣ ተሰጠ። የቀሩትም ተከፋፈሉ፣ ብርቱካን ሚደቅሳ አንድነት የተባለውን ፓርቲ መሠረተች።

መድረክን እዩ። አንድነት ነበረበት፣ የነገብሩ አሥራት የትግራይ ፓርቲ አረና ነበረበት፣ የነመረራ ጉዲና ኦሮሞ ፓርቲ ነበረበት፣ የነበየነ ጴጥሮስ ደቡብ ነበረበት። በአንቀጽ 39 ላይ ሰማይና ምድር ነበሩ። ግን መቀሌ ላይ አንድነት ከአረና ወንበር አይሻማም፣ አምቦ ላይ አረና ከመረራ አይሻማም። ደጋና ቆላ ነበሩ። በሐሳብ ያን ያህል ተራርቀው ያን ያህል ጊዜ መቆየታቸው አሁን ነው የገባኝ።

ዳሞቴ

ቆይ ቆይ። መድረክ በ2002 ስንት አገኘ? አንድ መቀመጫ። ከ547 አንድ! ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወሰዱ። ይሄ ነው ውጤቱ?

ግዮን

ያ ቁጥር የመድረክን ቅንጅት ይመዝናል ብለህ ታምናለህ? ከ1997 በኋላ በነበረው አፈና ውስጥ የተደረገ ምርጫ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ሕዝቡ ጥምረቱን ጠላው ወይ ወደደው ለማለት አንችልም። ለዚህ ነው የሕዝብን ስሜት ለማወቅ 1997ን ደጋግመን የምንመዝዘው። ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የወጣውን ሰው ማንም አላስገደደውም። ክርክሩን በቴሌቪዥን፣ ገጠር ሳይቀር ደግሞ በሬዲዮ ተከታትሏል። ሰው የመረጠው አውቆ ነው።

ዳሞቴ

እሺ ይሁን። ግን ጮቄ ሥር፣ ምሳሌሽን አንድ ቦታ ላይ አልቀበልሽም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

መቀናጆ ላይ እርሻው ነው የጋራ። አዝመራው የየራስ ነው። አባትሽ ጤፉን ያጭዳል፣ ጎረቤቱ ድንቹን ይቆፍራል። ማንም ማንን "ለምን ድንች ዘራህ?" አይለውም። መንግሥት ግን አንድ ማሳ ነው። ወይ መሬት ይሸጣል፣ ወይ አይሸጥም። ግማሹን ሸጬ ግማሹን አልሸጥም ማለት አይቻልም። ሁለት የሚጣረሱ ፓርቲዎች አሸንፈው ሲገቡ ያቺን አንድ ማሳ ምን ይዘሩባታል? እኔ ካርዴን የምሰጠው ለእርሻው አይደለም፣ ለአዝመራው ነው።

ጮቄ ሥር

ዳሞቴ፣ ይቅርታ አያስፈልግም። ልክ ነህ። መልስ የለኝም። አስብበታለሁ።

ዓባይ ማዶ

ዳሞቴ ያለው የትም ዓለም የታየ ነው። ኬንያን እንውሰድ፣ ጎረቤታችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙዋይ ኪባኪና ራይላ ኦዲንጋ ናርክ በሚባል ጥምረት ገቡ። ኪባኪ 62 ከመቶ አመጣ። ካኑ ከነፃነት ጀምሮ የያዘውን ሥልጣን ለቀቀ። ናይሮቢ በደስታ ሰከረች። ከምርጫው በፊት የተፈረመ የመግባቢያ ሰነድ ነበራቸው፣ ለራይላ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ እንዲፈጠር። አልተፈጸመም። በ2005 በሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ላይ ሁለቱ ተፋጠው ቆሙ። በ2007 ምርጫ ማግስት ያ ሁሉ ደም ፈሰሰ።

ማሌዥያም አለች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማሃቲር ምክትላቸውን አንዋርን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሥልጣን አባረው ወደ እስር ቤት የላኩ ሰው ናቸው። በ2018 ያንኑ የበደሉትን ሰው አጋር አድርገው ምርጫ ገቡ። ከ1957 ጀምሮ ሳይነቀነቅ የኖረውን ገዢ ጣሉ። ሕዝቡ ተቀበላቸው። ጠላትነታቸውን አላስታወሰባቸውም። ሥልጣን ለአንዋር አስረክባለሁ አሉ፣ ቀኑን ግን ቆርጠው አላስቀመጡም። በየካቲት 2020 መንግሥቱ ፈረሰ።

ሁለቱም ጋ ሕዝቡ መርጦ አሸንፏል። እርሻው ያምር ነበር። የተበላሸው ዳሞቴ ያለው ቦታ ላይ ነው።

የመራዊ ነጋዴ (መራዊ)

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። ፖለቲካ ብዙ አላውቅም። ግን ገበሬ ሱቄ ሲመጣ የሚያወራውን እሰማለሁ። አንድም ቀን ስለ ርዕዮተ ዓለም አውርቶ አያውቅም። ማዳበሪያ መቼ ይመጣል፣ ስንት ይገባል። መንገዱ ነገ ክፍት ነው ወይ። ልጄ ትምህርት ቤት ይከፈትለታል ወይ። እሱ ነው ወሬው።

አሁን ባለንበት ሁኔታ፣ ጥይት በሚሰማበት አገር፣ ስለ ምርጫ ስናወራ አንዳንዱ ይቆጣል። እኔ አልቆጣም። የሚቀናጁ ካሉ ግን መጀመሪያ በሰላም ላይ ይቀናጁ። በእሱ ላይ ተስማምተናል የሚሉ ሁለት ተቃራኒዎች ቢመጡ እኔ ነገ ጠዋት እመርጣለሁ። ሌላው ልዩነታቸው ይቆይልኛል።

አወያይ

ሁለት መልእክት በስድብ ምክንያት ተነሥቷል። ሌላው ይቀጥል። መልካም ውይይት ነው።

ጋሼ ብቸና

ትናንት የዳሞቴን ጥያቄ ይዤ ነው የተኛሁት። ልጄ፣ ጥሩ አየህ። ጮቄ ሥርም ልጄ፣ መልስ የለኝም ማለትሽ አስደሰተኝ።

እኔ የምለው ይሄ ነው። ያ ያልከው አንድ ማሳ መቀናጆ አይደለም። የእኩል ነው። የእኩል እርሻ ታውቃላችሁ፣ መሬቱ የአንዱ፣ ጉልበቱ የሌላው፣ ምርቱ እኩል። እዚያ ላይ ሁለት ሰው አንድ ማሳ ይዘራል። እንደ መቀናጆ አይደለም፣ ገና በሬ ሳይወጣ ነው የሚነገረው። ምን ይዘራል? ዘሩን ማን ያወጣል? ማዳበሪያውን ማን ይገዛል? አረሙን ማን ያስነቅላል? ለስንት ዓመት ነው? ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ባለበት ይነገራል። ሳይነገር የገባ ሁሉ አውድማ ላይ ይጣላል።

የእኛ ፓርቲዎች የመቀናጆ ውል ይዋዋሉና የእኩል ማሳ ውስጥ ይገባሉ። እንዴት እናርሳለን፣ ማን የት ይወዳደራል፣ እሱን ይነጋገራሉ። ምን እንዘራለን የሚለው ሲመጣ "ከድል በኋላ" ይላሉ። ዓባይ ማዶ የጠቀሳቸው ኬንያዎቹም ማሌዥያዎቹም እንደዚያው ናቸው።

አንድ የጎጃም ነገር ልንገራችሁ። በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጎጃም ሲነሣ ብቸናም ሞጣም ደጋ ዳሞትም ነበርን። ባላባቱም ጭሰኛውም ነበር። ባላባቱና ገበሬው በሌላው ነገር ሁሉ አይገናኙም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር የተስማሙት፣ መሬታችን አይለካ፣ ግብሩ ይቅር። ሌላ አልተቀላቀለበትም። መንግሥትም ዘመቻ ላከ፣ ቆይቶ ግን የጎጃምን ገዢ አነሣ፣ ግብሩንም ተወ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ሰው ምን እንደፈለገ በልጅነቴም ይገባኝ ነበር። አንድ ቃል ስለነበረች።

ግዮን

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ።

ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 56 ላይ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ድርጅት ወይም ድርጅቶች አስፈፃሚውን አካል ያደራጃሉ፣ ይመራሉ ይላል። በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ግን የተጣመሩት ምን ተስማምተው እንደገቡ ለመራጩ የማሳወቅ ልማድ የለንም። ጀርመኖች ትልልቆቹ ሁለት ተፎካካሪዎች አብረው ሲያስተዳድሩ ምን እንደሚሠሩ ዘርዝረው ይጽፋሉ፣ ያሳትሙታል፣ ማንም ያነበዋል። ያውም ከምርጫ በኋላ። እኛ ግን ሰነድ አለ ሲባል የሚታየን ሲጨባበጡ የተነሡት ፎቶ ብቻ ነው።

ዳሞቴ

ይሄን ከተስማማን እኔ ሐሳቤን በግማሽ ቀይሬአለሁ። "አልመርጥም" ያልኩትን እመልሳለሁ። ግን ሰነዱን ካላየሁ አልመርጥም። መሬት ላይ አልተስማማንም ካሉም እንደዚያው ብለው ይጻፉት። "በአምስት ዓመት ውስጥ የመሬት ሕግ አንነካም፣ ለሕዝብ እናቀርባለን" ይበሉ። እሱም ስምምነት ነው። ከገዢው ሹመት ቢመጣ እንቀበላለን ወይስ አንቀበልም፣ እሱንም ይጻፉልኝ። ያቺ መስመር በ2013 ኖራ ቢሆን እኔ ዛሬ እንዲህ አልሆንም ነበር።

ጮቄ ሥር

እኔ ደግሞ መቼ እንደሚለያዩም ይጻፍ እላለሁ። መቀናጆ ሲፈርስ ነውር የለበትም። ክረምቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ በሬውን ይዞ ይሄዳል፣ ማንም ከዳኝ አይልም። ፓርቲዎቻችን ግን ሲለያዩ ሁሌ ክህደት ይሆናል፣ ሰው ይሰዳደባል፣ ደጋፊው ልቡ ይሰበራል። ቀኑ ቢታወቅ ኖሮ እንደዚያ አይሆንም ነበር።

የማርቆስ ልጅ

ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ገጠር ወርጄ ነበር። ይሄን ሁሉ ጽሑፋችሁን በስልክ ለአባቴ አነበብኩለት። የጋሼ ብቸናን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። የመራዊ ነጋዴዋን ሲሰማ "እውነቷን ነው" አለ። ዳሞቴ "ለአዝመራው ነው" ያልከውን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፣ ወደደህ።

ከዚያ ጠየቅኩት። "አባዬ፣ እንዲህ ሁሉን ነገር ጽፈው፣ አምነው፣ ልዩነታቸውንም ሳይደብቁ ቢመጡ ትመርጣቸዋለህ? አንዱ እንዳንተ የሚያስብ፣ ሌላው ጭራሽ የማትወደው ቢሆንም?"

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። አጥሩ ሥር የቆመችውን ላም እያየ ነበር። ከዚያ፣ "እመርጣለሁ። ግን ያ ብቸና ያለው ሰውዬ አንድ ነገር ረስቷል" አለኝ።

"ምን?"

"ጭዱን። የእኩል ሰው ሁሉ እህሉን ነው የሚዋዋል። እኔ በዕድሜዬ በእህል የተካሰሰ ብዙ አላየሁም። ሰው የሚጣላው በጭዱ ነው። እህሉ ተሰፍሮ ይካፈላል፣ ጭዱ ግን ማን ቀድሞ ወሰደ ነው። በበጋ በሬህን ያለ ጭድ ካስቀረብህ ደግሞ ለከርሞ አታርስም። ሚኒስትሩንስ ይካፈሉት። ወረዳው የማን ነው? ቀበሌው? መሬት የሚለካው ልጅ፣ ማዳበሪያ የሚያድለው ልጅ፣ ከየትኛው ወገን ነው የሚመጣው? እኔን በ89 የጎዳኝ ሚኒስትር አይደለም።"

ይሄንን ጨምራችሁ ጻፉልኝ ብሏል። ጨምሬአለሁ። ግዮን፣ ከመቀመጫ ክፍፍሉ ባሻገር እስከ ቀበሌ ድረስ ያለውን የሚጠቅስ የጥምረት ስምምነት የትም አገር ካየህ እባክህ አምጣልኝ። ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ይጠይቀኛል።